ሦስተኛውን ጥሪ የሚጠብቀው ጎሚስታ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጎማው የተነፈሰበት ሰው ወደ ጋሽ ይታያል ሲሄድ ትዕግሥቱንም ይዞ መሄድ አለበት። አንዴ "ይታያል!" ብሎ ቢጠራው ቀና አይልም። ሁለተኛ ቢጠራው ጎማውን ማገላበጡን ይቀጥላል። በሦስተኛው "አቤት" ይላል፣ ያውም ምንም እንዳልተፈጠረ ፈገግ ብሎ። ጆሮው ደንቁሮ አይደለም። ከከመነዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ በመርፌ ቀዳዳ የምታመልጥ አየር፣ ውሃ ውስጥ ሳይነክር፣ በጆሮው ብቻ የሚያገኝ ጎሚስታ ከተማው ውስጥ እሱ ብቻ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች "ጋሽ ይታያልን ለቅዳሜ የፈለገ ከሐሙስ ጀምሮ ይጥራ" እያሉ ይስቁበታል። አብሯቸው ይስቃል፤ ልማዱን ግን አይተውም።

ልማዱ ከአባይ የመጣ ነው። ይታያል የተወለደው ከመርጡለ ማርያም ቁልቁል፣ ቆላው ውስጥ፣ የአባይ ድምፅ ከሚሰማበት መንደር ነው። አባቱ አቶ እንዳላማው፣ የአባቱም አባት፣ ሰው በማሻገር የታወቁ ዋናተኞች ነበሩ። ገበያተኛውን በነፉት የፍየል ስልቻ ላይ በደረቱ ያስተኙና ከኋላ እየገፉ ማዶ ያደርሱታል። እነዚህ ሰዎች ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ውሃ ላይ ማንም ማንንም በስሙ አይጠራም። ውሃ የሰማውን ስም አይረሳም፣ ዛሬ ባይሆን ነገ ባለቤቱን መጥቶ ይጠይቃል ይላሉ። ስለዚህ ወንዝ ውስጥ አባትም ልጅም፣ አሻጋሪም ተሻጋሪም፣ ሁሉም "ወዳጄ" ነው። ሁለተኛው፣ ከውሃ በኩል ስምህ ሲጠራ ከሰማህ እስከ ሦስት ዝም በል የሚል ነው። ውሃ ቢያብድ ቢያብድ ከሁለት በላይ አይጠራም። ሦስት ጊዜ የሚጠራ ሰው ብቻ ነው።

ይታያል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው፣ ጳጉሜን ላይ፣ አባይ ገና ሳይጎድል፣ ታላቅ ወንድሙ ደምለው ከሌሎች ሁለት ዋናተኞች ጋር ሆኖ ለእንቁጣጣሽ ገበያ የሚሄዱ ሰዎችን ያመላልስ ነበር። ይታያል ዳር ቆሞ ከላይ የሚመጣውን ያያል፤ የታናሽ ሥራ እሱ ነበር። ከሥሩ የተነቀለ ትልቅ ግንድ ኩርባውን ዞሮ ብቅ አለ። የሚሄደው በቀጥታ ወደ ደምለው ነው። ይታያል ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

"ወዳጄ! ግንድ! ወዳጄ!"

ሦስቱም ወዳጅ ናቸው። ሁለቱ ዞረው አዩና ገለል አሉ። ደምለው ስልቻው ላይ የተኛችውን ሴት እያደላደለ ስለነበር ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ቀና አላለም። በስሙ ቢጠራ ኖሮ ይዞር ነበር፤ የተኛ ሰው እንኳ በስሙ ሲጠሩት ይዞራል። የወንድሙ ስም ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

ሴትዮዋን ስልቻው አወጣት። ደምለውን ሰባት ቀን ሙሉ ዳር ለዳር ፈለጉት፣ አልተገኘም። በስምንተኛው ቀን አቶ እንዳላማው ልጃቸውን አስጠርተው፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ "ሕግ ጠብቀሃል። ምንም አላጠፋህም" አሉት። ይታያል በዕድሜው ብዙ ክፉ ቃል ሰምቷል፤ እንደዚያ ምስጋና ያቆሰለው የለም። ቢረግሙት ይሻለው ነበር።

በዓመቱ ደጋ ወጣ። ማርቆስ ገብቶ መኪና አጠበ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ሥር ሆኖ ጎማ መጣፍ ተማረ፣ ሽማግሌው ሲያርፉ ቦታውን ተረከበ። የደብረ ወርቋን የመሪጌታ ልጅ ሥራነሽን አገባ። አባይን የተገላገለ መስሎት ነበር። ውሃ ግን ዘመድ አለው። ከሱቁ ጀርባ እምቧይ የምትባል ጅረት አለች፤ በበጋ ዶሮ ሳትረጥብ የምትሻገራት፣ የውሃ ላስቲክና ነጠላ ጫማ የሚጣልባት፣ ሰው ወንዝ ብሎ ሊጠራት የሚያፍርባት። ነሐሴ ሲገባና ከላይ ያለው ተራራ ዝናብ ሲጠግብ ግን ከዳር እስከ ዳር ሞልታ፣ ጭቃ ለብሳ፣ ድንጋይ እያንከባለለች ከተማውን ለሁለት ትከፍለዋለች። ሱቁን በያዘ በመጀመሪያው ክረምት፣ ይታያል በሩን ሲዘጋ፣ ከዚያ ጩኸት መሐል አንድ ሰው ስሙን ጠራው። በሚያውቀው ድምፅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ለሥራነሽ ነገራት። እሷም የቤተ ክህነት ልጅ ናትና ጠበል ወሰደችው። አጥማቂው ቢያጠምቁት ቢያጠምቁት የሚጮህ ጋኔን ጠፋ። ይታያል አልገረመውም፤ የሚጠራው ጋኔን ሳይሆን ወንድሙ ነበር። በየዓመቱ ከከባድ ዝናብ በኋላ ይጠራል፤ አንዳንዴ አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴ ሁለት። ሦስት ጠርቶ አያውቅም። ይታያል በአባቱ ሕግ ላይ በልቡ አንድ ነገር ጨመረ። ሦስት ጊዜ የሚጠራ ሰው ብቻ ከሆነ፣ አንድ ቀን ሦስተኛውን ከሰማ ውሃው ሳይሆን ራሱ ደምለው ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ "አቤት" ይላል፤ ብሎም ይሄዳል። ይህን ለማንም አልተናገረም። ሥራነሽ ሳይነገራት ታውቀዋለች።

ጀልባዋ የመጣችው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ሦስት ፈረንጆች ከአባይ በረሃ በደጀን በኩል ወጥተው፣ ፒካፕ ላይ የጫኗትን ረጅም ቀይ ፕላስቲክ ሱቁ ደጃፍ አወረዷት። ካያክ ይሏታል። ከላይ ዝግ ናት፤ መሐሏ ላይ አንድ ሰው ወገቡን የሚያስገባበት ቀዳዳ ብቻ አላት። ሆዷን የአባይ ድንጋይ ሰንጥቆታል። በሁለቱም ጫፍ ምላስ ያለው መቅዘፊያዋንም አብረው ሰጡት። በሳምንቱ እንመለሳለን ብለው ሄዱ፤ ይኸው እስከ ዛሬ። ይታያል ስንጥቁን በጋለ ብረት አቅልጦ ጣፈው። ጀልባዋ ግድግዳ ተደግፋ ከረመች፣ የጎረቤት ዶሮ ቀዳዳዋ ውስጥ እንቁላል ጣለችባት፣ ሥራነሽም "ፈረንጆቹ የቆጥ ሠሪ ናቸው እንዴ?" እያለች አሾፈች።

በዚያው ነሐሴ እምቧይ ስትሞላና ድምፁ ሲመጣ ይታያል ዶሮዋን አስነስቶ ጀልባዋን ተሸከመ። ከላይኛው ድልድይ ሥር ገባና በከተማው ጓሮ ለጓሮ፣ በአጥርና በባሕር ዛፍ መሐል፣ እስከ ታችኛው ድልድይ ማዶ ያለው ሜዳ ድረስ ወረደ። ሦስት ጊዜ ተገልብጦ ሦስት ጊዜ ወጣ፤ የዋናተኛ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ቀን ይወርዳል። ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጦ፣ ወገቡ ላይ ታስሮ ቀዳዳውን የሚደፍን ሽፋን ሠራ። ከተማው ድልድዩ ላይ ተሰብስቦ ያጨበጭብለታል። ግማሹ እብድ ይለዋል፣ ግማሹ ስፖርተኛ። ወንድሙ ወደሚጠራበት መጠጋቱ መሆኑን የምታውቅ ሥራነሽ ብቻ ናት።

ባለፈው ነሐሴ፣ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲያባራ እምቧይ እንደዚያ ቀን ጮኻ አታውቅም ነበር። ይታያል ጀልባዋን ትከሻው ላይ አደረገ፣ ሁልጊዜ የሚይዘውን ገመድም ቀዳዳዋ ውስጥ ጣለ። ሥራነሽ በሩ ላይ ቆማለች።

"ሄድህ?"

"ሄድሁ።"

"ሦስተኛውን ሳትሰማ እንዳትመልስ።" በየዓመቱ የምትለው ነው። ዘንድሮ ግን ጨመረችበት። "ብትሰማውስ? ምን ልትል ነው?"

ይታያል የላስቲክ ሽፋኑን ወገቡ ላይ አጠበቀ። "እኔ አላውቅም" አላት። ውሸቱን ነበር። እሷም ውሸቱን መሆኑን አውቃ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ከላይኛው ድልድይ ሲገባ ውሃው ወዲያው ነጠቀው። ጭቃው ፊቱ ላይ እየተረጨ ዓይኑን መግለጥ አልቻለም። አንድ የቆርቆሮ አጥር ግራ ጎኑን ገጭቶት አለፈ። በመቅዘፊያው ቀኝ ወግቶ ዞረ፣ ግራ ወግቶ ተመለሰ። ሁለት ባሕር ዛፎች ወድቀው በተቆላለፉበት ቦታ ጎንበስ ብሎ በመሐላቸው ሾለከ። ሞት ቅርብ ሆኖ ሳለ ደስ የሚል ነገር አለው ይህ ሥራ፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። የእህል ወፍጮውን አልፎ ወደ ጠባቡ ቦታ ሲደርስ ነው የሰማው።

"ይታያል!"

ቀና አላለም። ልማዱ ነው፣ ሠላሳ ዓመት የሠራው አንገት ነው፤ አይዞርም። ጀልባዋ አፍንጫዋን ደፍታ ከአንድ ዝቅታ ወረደች፣ ወጣች።

"ይታያል!"

ሁለት። እጁ መቅዘፊያው ላይ መላላት ጀመረ። ዘንድሮ ነው አለ በልቡ። እናቱ ሳትቀብረው የሞተችበት ልጅ፣ ተዝካሩ ያለ አስከሬን የወጣው አያ ደምለው፣ ዘንድሮ ሊጠራው ነው። የሥራነሽ ፊት መጣበት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች። አባረረው። ከዚያም ከኋላው፣ አሁን ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሦስተኛው መጣ።

"ይታያል!"

"አቤት፣ አያ!" አለ ይታያል። መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አሳረፈና ሊሄድ ዞረ።

ያየው ሸሪፋን ነው፤ በዚያ ጩኸት የሴት ድምፅ መሆኑ አልተለየውም። የብረታ ብረት ሱቅ ባለቤቱ የሙሐመድአሚን ሚስት፣ በረመዳን ሳምቡሳ የምትልክለት፣ ከሱቁ ዝቅ ብላ ጅረቱ ዳር የምትኖረው ሸሪፋ። ጎርፉ የጓሮ ግንብ አጥራቸውን ጥሶ ሲገባ ዕቃ ለማትረፍ ወጥታ ነበር። አሁን ከግንቡ የቀረው አንድ ክንድ ስፋት ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ተቀምጣ የበሩን ብረት አቅፋለች። ውሃው በሁለቱም ጎኗ ያልፋል። ዳሩ ላይ ሙሐመድአሚንና አራት አምስት ሰዎች ይጮኻሉ፤ ሊደርሱላት አልቻሉም። ይታያል አጠገቧ አልፏት ሄዷል። ሁለት ጊዜ ስትጠራው ሰምቶ፣ ሦስተኛውን እየጠበቀ አልፏታል።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማው ቅሬታ ነው። ደምለው አለመሆኑ ነው የከፋው። ይህን ራሱ ይታያል ነው በኋላ የሚናገረው፣ ማንም ሳያስገድደው፣ እያፈረ። ቅሬታው ካለፈ በኋላ ነው ድንጋጤው የመጣው። መቅዘፊያውን አንስቶ በሙሉ ጉልበቱ ወጋ። ከወደቀ ትልቅ ባሕር ዛፍ በስተኋላ ውሃው ዞሮ የሚያርፍበት ቦታ አለ፤ አፍንጫዋን እዚያ ከተተና ጭቃው ላይ ወጣ። ጀልባዋን ትከሻው ላይ አድርጎ በሰው ጓሮ፣ በሰው ጎመን መሐል ወደ ላይ ሮጠ። ጉልበቱ የሃምሳ ዓመት ጉልበት መሆኑን ያን ቀን ረሳ።

ሙሐመድአሚን ሲያየው አለቀሰ። "ጋሽ ይታያል፣ ልታመልጠኝ ነው" አለ። ይታያል የገመዱን አንድ ጫፍ የጀልባዋ ጀርባ ላይ ካለው ማንጠልጠያ አሰረ፣ ሌላውን ለሰዎቹ ሰጠ።

"ባሕር ዛፉ ላይ አንድ ዙር አዙሩት። እኔ ስወርድ አላሉልኝ፤ እጄን ሳነሳ ሳቡ። ከዚያ በፊት እንዳትስቡ።"

ከሸሪፋ ሃያ እርምጃ ያህል ከላይ ገባ። ገመዱ ከኋላው ተወጠረ። እየዘቀዘቀ ወደ ግንቡ ሲጠጋ የግንቡ ድንጋይ አንድ በአንድ ሲፈርስ ያያል። ሸሪፋ ፊቷን ወደ ባሏ አዙራለች። ዳሩ ላይ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ፤ አንዱ "ያዥ!" ይላል፣ አንዱ "ልቀቂ!" ይላል፣ አንዱ አላህን ይጠራል፣ አንዱ ተክለ ሃይማኖትን። እሷ ከዚህ ሁሉ ምኑን ትስማ። ይታያል ወደ ኋላ ዞር ሲል ግንዱን አየው።

ከሥሩ የተነቀለ ነው። ኩርባውን ዞሮ ብቅ ብሏል። የሚሄደው በቀጥታ ወደ ግንቡ ነው።

ከሠላሳ ዓመቱ አንድም ቀን ያላለፈ መሰለው። ይታያል አፉን ከፈተ፤ ምላሱ ላይ የመጣው ያው የድሮው ቃል ነበር። "ወዳ—" አለ። ዋጠው። ከዚያ በፊት ውሃ ላይ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ።

"ሸሪፋ!"

ዞረች። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል በስሟ ስትጠራ ዞረች፣ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

"ብረቱን ልቀቂ። ሸሪፋ፣ አሁን። ወደኔ ውደቂ።"

ለቀቀችና ወደቀች። ጀልባዋ ላይ በደረቷ ተኛች፣ የድሮ ገበያተኛ ስልቻ ላይ እንደሚተኛው። ይታያል በአንድ እጁ ቀሚሷን ጨብጦ ሌላውን አነሳ። ሰዎቹ ሳቡ። ግንዱ መጥቶ ግንቡን መታው፤ ግንቡም ብረቱም አንድ ላይ ሄዱ።

ዳር ላይ ሸሪፋ በባሏ ጋቢ ተጠቅልላ ስትንቀጠቀጥ ቆየች። ጥርሷ መጋጨቱን ሲተው መጀመሪያ የተናገረችው ለይታያል ነው።

"ጋሽ ይታያል፣ ሁለት ጊዜ ጠርቼህ አለፍኸኝ።"

"ሰምቼሽ ነበር" አለ ይታያል።

"አውቃለሁ። አመልህን ስለማውቅ ነው ሦስት የሞላሁት። እዚያም?" አለች። "እዚያ ውስጥም ሦስት?"

ሙሐመድአሚን እየሳቀ አለቀሰ። ሰዉም ሳቀ። ይታያል ግን አልሳቀም። ሸሪፋ የአባይን ሕግ አታውቅም፤ ማርቆስ ተወልዳ ማርቆስ ያደገች የነጋዴ ልጅ ናት። የምታውቀው የጎሚስታውን አመል ብቻ ነበር፣ እሱ አተረፋት። ለአንዲት ጥሪ ያህል ብትደክም ኖሮ እሱ ሳይዞር ቁልቁል ሄዶ፣ እሷም ከግንቡ ጋር ሄዳ ነበር። ይህን ሲያስበው ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

ከዚያም ፊቱን ወደ ውሃው መለሰ። ጮክ አላለም፤ ማዶ ለቆመ ሰው እንደሚነገር አድርጎ ተናገረ።

"ደምለው" አለ። "አያ ደምለው፣ ግንድ መጣ።"

ሙሐመድአሚን ደንግጦ ተነሳ። "ጋሽ ይታያል፣ ሌላም ሰው አለ እንዴ ውሃው ውስጥ?"

"የለም" አለ ይታያል። "ነበረ።"

ማታ ሲገባ ሥራነሽ ምድጃው አጠገብ ነበረች። ወሬው ቀድሞት ገብቷል፤ ሆኖም ከእሱ አፍ መስማት ፈለገች።

"ተጠራህ?"

"ተጠራሁ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ሦስት።"

የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች። "መለስህ?"

"መለስሁ" አለ። ከዚያ አለቀሰ፤ ባገባችው በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ሲያለቅስ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። አባበለችው፣ ሾርባ አጠጣችው፣ "አንተ ድንጋይ" እያለች ራሱን ዳበሰችው።

እምቧይ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሞላች፤ አንዴ በነሐሴ መጨረሻ፣ አንዴ መስከረም ላይ፣ መስቀል ሊቃረብ ሲል። ሁለቱንም ጊዜ ይታያል ከሱቁ ጀርባ ወጥቶ ቆመ። ድንጋዩ ሲንከባለል ሰማ፣ ቆርቆሮ ሲጋጭ ሰማ፣ የውሃ ድምፅ ሰማ። ሌላ ምንም አልሰማም። ሥራነሽ ለመድኃኔ ዓለም ሻማ ወሰደች፣ ተገላገልን አለች። ይታያል ግን ጨነቀው። ይህን ሁሉ ዓመት የፈራው ድምፅ፣ ሲቀር እንዲህ ባዶ የሚያደርግ መሆኑን አላወቀም ነበር። ወንድሙን ሁለተኛ የቀበረ መሰለው፤ ለነገሩ መጀመሪያም አልቀበረውም። ሙሐመድአሚን ለመስቀል መጥቶ ሲጠይቀው "ሰው ናፈቀኝ" አለው እንጂ ማን እንደሆነ አልነገረውም።

ጀልባዋ ግድግዳዋን ተደግፋ አለች። ዶሮዋ ተመልሳ ገብታበታለች።

በጥቅምት አንድ ጠዋት አንድ የባጃጅ ሾፌር የተነፈሰ ጎማ እያንከባለለ መጣ። እንደ ልማዱ ሦስት ጊዜ ለመጥራት ደረቱን ነፍቶ፣ ድንጋይ ላይ እግሩን አሳርፎ፣ ጊዜ እንዳለው ሰው "ጋሽ ይታያል!" አለ።

"አቤት" አለ ይታያል ወዲያው።

ሾፌሩ ግራ ገብቶት ቆመ። "ምነው ጋሽ ይታያል፣ ደህና አይደለህም? በአንዴ?"

ይታያል ጎማውን ተቀብሎ ወደ ጆሮው አስጠጋና የምታመልጠውን አየር ማዳመጥ ጀመረ። ከውሃው አንዴ ወይ ሁለቴ የሚጠራው ከእንግዲህ እንደሌለ ለሾፌሩ ምን ብሎ ይንገረው።

"ደህና ነኝ" አለ። "እዚህ ጋ ነው የተበሳው።"